ውሃው ሲጎድል

ጁን 16
ሃርሎ፣ አይዳሆ

ውድ ወንድሜ ኮርቢን፣

«ለመሆኑ አንድ የሚያውቅ ሰው ይዘሽ አትሄጂም ነበር?» ብለህ እንደምትጀምር አውቃለሁ። ፖስታውን ገና ሳትቀድደው ይህንኑ ሳትል አልቀረህም። አክስታችን ቨርናም ብላኛለች፣ የአደን ዕቃ መደብሩ ሰውዬም ብሎኛል፣ ተረከዜማ በየማታው ይለኛል። መልሱን ግን ከሁላችንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ። በበረዶው ወራት በስልክ ስለ ቤቱ መሸጥ ስንጨቃጨቅ ያልከኝን ረሳኸው?

«አንቺ እኮ የትምህርት ቤት ልጅ ነሽ» አልከኝ። «እዚያ ቤት ብቻሽን መኖር ማለት እንጨት መፍለጥ፣ ጣሪያ ላይ መውጣት፣ ሥጋሽን ራስሽ ማምጣት ነው። እስቲ ማንም ሳይመራሽ አንድ ድብ ጣይና፣ እኔም ስለ ሽያጭ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

እኔም «እሺ» አልኩህ። አንተ ሳቅክ። እኔ አልሳቅኩም።

የፀደዩ አደን ትናንት ተዘጋ። ከቨርና አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። እጄ ብዕር ለመያዝ እንኳ ሰንፏል፤ ጽሑፌ ከተጣመመብህ በዚህ ቁጠርልኝ።

አራት ዓመት ሙሉ ስለ ጫካ ስማር ጫካ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥን ማንም አላስተማረኝም። የጀመርኩት እንደማንኛውም ተማሪ ከመጻሕፍት ነው። ከዚያ ዕቃ ልገዛ ሄድኩ። የመደብሩ ሰውዬ የሩቅ ማሳያ መነጽር ሳማርጥ አይቶ «ለባልሽ ነው?» አለኝ።

«ባል የለኝም» አልኩት።

«እንግዲያው ለአባትሽ መሆን አለበት።»

ከተማው ትንሽ ነው፤ ማን እንደሆንኩ ወዲያው ትዝ አለውና ፊቱ ቀላ። ከዚያ ሳልጠይቀው ዋጋ ቀነሰልኝ። በዚያ ምክንያት ቅናሽ ማግኘት አልፈለግሁም ነበር። ግን ወሰድኩት፤ መነጽሩ ጥሩ ነው።

ጠመንጃው ያንተ ነው። ትተኸው በሄድክበት ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ሳላስፈቅድህ አወጣሁት፣ ጠረግሁት፣ ከጎተራው ጀርባ አንተ ባስተማርከኝ መንገድ ጣሳ ደርድሬ ተለማመድኩ። ጣሳ መምታት አሁንም እችላለሁ። ጣሳ አይሸሽም፣ ሽታም አይለይም።

የመጀመሪያው ሳምንት መሳቂያ ነበር። ነፋሱ ከጀርባዬ እየነፈሰ ሽታዬን ሸለቆው ውስጥ ላሉ እንስሳት ሁሉ ሲያድል፣ እኔ ድብ የሚባል ነገር ጠፋ ብዬ አማርር ነበር። አንድ ቀን በእሳት በተበላው ተረተር ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ድብ አየሁ። ትንፋሼን ውጬ ተኛሁ። ግማሽ ቀን ጠበቅኩት። እሱም ጠበቀኝ። ኋላ ፀሐይዋ ዞራ ስታበራበት ድቡ የተቃጠለ ጉቶ ሆነ። ለቨርና መንገሬ ነው ጥፋቱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትሠራበት ምግብ ቤት በገባሁ ቁጥር ከጓዳ ሆና ሰው ሁሉ እየሰማ «ዴላ፣ ጉቶሽ ደህና አደረ? ሚስት አገባ ወይስ አሁንም እዚያው ቆሟል?» ትለኛለች።

ቀስ በቀስ ግን ገባኝ። ድብ ከጉድጓዱ ሲወጣ እንደ ላም ሣር ነው የሚግጠው። ስለዚህ ድቡን ትተህ ሣሩን ትፈልጋለህ፤ በረዶው ቀድሞ የሚቀልጥበትን፣ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚያገኘውን ተረተር። ከማዶ ሆነህ፣ ነፋሱን ፊትህ ላይ አድርገህ፣ ዓይንህ እስኪያነባ በመነጽር ትጠርጋለህ። ድብ ብታይ እንኳ ወዲያው አትተኩስም። ግልገሎች ያሏት እናት እንዳትሆን ትጠብቃለህ። አንዲት ቡናማ ድብ ብቻዋን ስትግጥ አግኝቼ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከዳገት ጋር ስታገል ውዬ ስለነበር በጣም አጓጓችኝ። ቢሆንም ጠበቅኩ። በኋላ ሁለት ግልገሎች ከዛፍ ላይ እየተንሸራተቱ ወርደው ተከተሏት። ጣቴን ከቃታው አንስቼ እንባዬን ለቀቅሁት። ለምን እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ ድካም ይመስለኛል።

የመንግሥት ጫካ የሁሉም ነው ይባላል። የሁሉም በሆነ ነገር ላይ ደግሞ ሁሉም ቀድሞህ ደርሷል። ጥሩ ተረተር ባገኘሁ ቁጥር ከሥሩ ፒክአፕ ቆሞ አያለሁ። አንዱ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ መስኮቱን አውርዶ «እቱ፣ እዚህ ሰልፍ ነው፤ ተራሽ በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል» አለኝ። እየራቅሁ ሄድኩ። የግንድ ጫኝ መኪኖች መንገድ በብረት መዝጊያ ከተዘጋበት አልፌ በእግሬ ብዙ ተጓዝኩ። በመጨረሻ ጥሩ ሣር ኖሮት የሰው ዱካ የሌለበት አንድ ቦታ ብቻ ቀረ።

ታማራክ ወንዝ።

ለምን ሰው እንደማይሄድበት አልነግርህም። ማንም «አይኬድበትም» ብሎ አላወጀም። አባባን እዚያ ውሃው ከወሰደው ወዲህ፣ እነሆ ሁለት ዓመት፣ የሀገሩ አዳኝ ሁሉ ያንን ተረተር ትቶታል። በዚህ ሀገር ሐዘን የሚገለጸው እንዲህ ነው መሰለኝ፤ ጥሩ የአደን ቦታ በመተው። እኔም ልተወው ነበር። ግን የመጨረሻዋ ቀን ደረሰች፣ ቤቱ ደግሞ በእሷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ቨርና ትናንት በፒክአፗ እስከ ብረት መዝጊያው አደረሰችኝ። የት እንደምሄድ አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ብቻ ስወርድ «ስሚ፣ ጉቶ ከሆነ እንዳትሸከሚው» አለችኝና መኪናዋን አጥፍታ ሹራቧን መሥራት ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ከተረተሩ ፊት ለፊት ደረስኩ። ጥሩ እይታ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የወደቀ ግንድ አለ፣ ከኋላው ትተኛለህ። ቦርሳዬን አስደግፌ ልተኛ ስል ከግንዱ ሥር የጠቆረ ቀለህ አገኘሁ። አንስቼ አየሁት። ከያዝኩት ጠመንጃ ጥይት ጋር አንድ ነው። እዚያ የተኛሁት አንተና አባባ ያን ቀን በተኛችሁበት ነበር፣ ኮርቢን። ሣሩ ነው የመራኝ፤ እናንተንም የመራችሁ እሱው ነው።

ቀለሁን ወደ ቦታው መለስኩት።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ማዶ ከጥድ ሥር አንድ ጥቁር ነገር አየሁ። «ጉቶ ነው» አልኩ። ጉቶው ተራመደ።

ብቻውን ነበር። ጠበቅኩ፤ ግልገል አልመጣም። ራሱ ሰፊ፣ ጆሮዎቹ ትንንሽና የተራራቁ፣ ሲራመድ ሆዱ የሚወዛወዝ አሮጌ ወንድ። ነፋሱ ፊቴ ላይ ነበር። ጎኑን ሰጥቶኝ ቆሞ ይግጥ ጀመር። ጠመንጃው ቦርሳው ላይ እንደ ድንጋይ ረግቷል። የቃታውን መቆለፊያ ከፈትኩ። ቤቱ፣ ጎተራው፣ አባባ የተከላቸው የፖም ዛፎች፣ ሁሉም እዚያ ሣር ላይ ቆሞ ነበር።

ከመተኮሴ በፊት በምን መንገድ እንደማወጣው ልይ ብዬ ቀና አልኩ። ወንዙን ፈለግሁት።

ከዚያ ግንድ ላይ ሆኖ ወንዙ አይታይም።

የእኛ ተረተር ወርዶ፣ የዛፎቹ ጫፍ ከማዶው ተረተር ጋር ይገጥማል። መሀል ላይ ምንም ነገር ያለ አይመስልም። ድምፅ አለ፤ ግን ነፋስ ጥድ ውስጥ ሲያልፍ የሚያሰማውን ነው የሚመስለው። ድቡ ደግሞ ከቨርና ምግብ ቤት እስከ ፖስታ ቤቱ ያለውን ያህል ቅርብ ሆኖ ይታያል። ማንም ሰው እዚያ ተኝቶ «ብርሃን ሳለ ደርሼ እመለሳለሁ» ይላል። ምን አይታችሁ ወደዚያ ውሃ እንደወረዳችሁ ሁልጊዜ አስብ ነበር። ምንም አላያችሁም። የሚታይ ነገር የለም።

ለሸሪፉ ስትናገር በር ላይ ቆሜ ነበር። አባባ «ተኩስ፣ ማምጣቱን ለእኔ ተወው» አለኝ ብለህ ነገርከው። ትናንት እዚያ ግንድ ላይ ሆኜ ይህን በገዛ ድምፁ ሰማሁት። እንዲህ ነበር የሚለው፤ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ የዘይት ጣሳ ከጎተራ እንደሚያመጣ ሰው።

ውሃው እዚያ እንዳለ ያወቅኩት አባባን ስለወሰደው ብቻ ነው። ያኔ ላንተ ማን ይነግርህ ነበር?

ራሴንም አውቃለሁ። ከተኮስኩ ሥጋው እንዲበሰብስ ትቼው አልሄድም። እገባለሁ። የእሱ ልጅ አይደለሁ?

መቆለፊያውን መለስኩ። ድቡ እስኪጠግብ በላ፣ ጀርባውን ከጥዱ ጋር አከከ፣ ሄደ። እንደዚያ ደክሞኝ አያውቅም፤ በእርግጥ ከግንዱ መነሳት አቃተኝ። ስነሳ ግን ወደ መኪናው በመሄድ ፈንታ ወደ ታች ወረድኩ። ውሃውን ማየት ነበረብኝ። ቡናማ ነው፣ ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ እያገላበጠ ይወስዳል፣ ከሩቅ ሆኖ ፊትህን ያረጥባል። የሰሞኑ ሙቀት ከላይ ያለውን በረዶ በሙሉ አቅልጦታል። ያኔም ሞቃት ሰሞን እንደነበር አስታወስኩ።

ብረት መዝጊያው ጋ ስደርስ ቨርና ሹራቧ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ባዶ እጄን አየችና «ጉቶ ነበር?» አለችኝ።

«ጉቶ ነበር» አልኳት።

«ሱሪሽ እስከ ጉልበትሽ ርሷል።»

«ጤዛ ነው።»

ሞተሩን አስነሳች። ከተማ እስክንገባ አንድም ቀልድ አልተናገረችም። አንተ ልጅዋ ባትሆንም አሳድጋሃለች፣ አባባ ደግሞ ወንድሟ ነው። ይህን ሁሉ ላንተ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ እሷ ጋ አይድረስ።

እንግዲህ በውላችን መሠረት ተሸንፌያለሁ። የላክኸው የሽያጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አልፈረምኩበትም፣ አልቀደድኩትምም። የደን ጽሕፈት ቤቱ በእሳት የተበላውን ተረተር መልሶ ለመትከል ሰው ይፈልጋል፤ እስከ በጋው መጨረሻ እንድመልስላቸው ጊዜ ሰጥተውኛል። ችግኞቹን የት እንደማሳድግ ሳይቀር አስቤያለሁ፤ ከጎተራው በስተ ደቡብ ያለው ሜዳ አይበቃም? ሲደክመኝ እንኳ ዕቅድ ማውጣት አልተውም፣ ታውቀኛለህ። ቤቱን መሸጥ ግድ ከሆነ ግን እዚህ መጥተህ፣ ጣሪያው ሥር ተቀምጠህ፣ ፊቴን እያየህ ነው የምትፈርመው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። የመከሩ አደን ይከፈታል። ያኔ በረዶ የለም፤ ታማራክ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጥክ ትሻገረዋለህ። ከዚያ ግንድ ሥር የተውከው ነገር አለ፣ እሱንም ራስህ ታነሳዋለህ። ከዚያ አብረን እንሻገራለን። ድቡ ካለ አለ፣ ከሌለም የለም። የአደን ፈቃድህን ግን እኔ አልገዛልህም። አላስካ ስለከረምክ አሁን ከሌላ ግዛት እንደመጣ እንግዳ ነው የሚያስከፍሉህ፤ ዋጋውን ስትሰማ ወደዚህ ተመልሰህ ለመኖር ሌላ ምክንያት አያስፈልግህም።

እዚያ ባሕር ላይ ማዕበሉ ይራራልህ። መረብህ ይሙላ፣ እጅህ አይቁሰል፣ ከመርከቡ ስትወርድም ደረቅ አልጋ ይቆይህ። ባሕር ላይ መሥራት የመረጥከው ለምን እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም፤ አሁንም አልጠይቅህም።

ብቻ ጻፍልኝ። አትደውል፤ ስልክ ላይ ዝም ስትል ምን እያልከኝ እንደሆነ አይገባኝም። «እመጣለሁ» ብቻ ብለህ ብትልክም ይበቃኛል። «አልመጣም» ከሆነም በእጅ ጽሑፍህ ይሁን።

እህትህ፣
ዴላ