ለግንድ መፍለጫህ የናፍጣ ሞተር ገጠምንለት

ጉተማዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። ሕመምህ ስለ ቤቱ እንድንነጋገር እንኳ ፋታ አልሰጠንም ነበር፤ ዛሬ ቁጭ ብዬ የሆነውን ሁሉ ልንገርህ። የያዝኩት ደግ ወሬ ነው። በእጅህ የሠራኸው የግንድ መፍለጫ ማሽን ተነስቷል። ዛሬ ቡራዩ ውስጥ እንደሱ የሚፈልጥ የለም።

አንተ ከሄድክ በኋላ ያ ከውሃ መሳቢያ ላይ የፈታኸው የቤንዚን ሞተር ብዙም አልቆየም። መጀመሪያ ጭስ አበዛ፣ ቀጥሎ ቀጭን ግንድ ላይ ሳይቀር እየታፈነ ይጠፋ ጀመር። አቅሙ እንደማይበቃ አንተም ታውቅ ነበር። አንጓ የበዛበት ባሕር ዛፍ ሲገጥምህ ወደ አጥሩ ታንከባልለውና "ይሄ የናፍጣ ሞተር እስኪመጣ ይጠብቅ" ትል ነበር። እንዲህ እያልክ ያስቀመጥካቸው ግንዶች ክምር ሆነው ቀርተው ነበር።

ወንድምህ ቶሎሳ ማሽኑ ለቁራሌው ይሸጥ አለ። ክፋት የለበትም። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊወስድብን ነው ብሎ ሰዉ የሰጋበት፣ ተቃውሞው ከሆለታ እስከ ሱሉልታ የተነሳበት፣ ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። "ይሄ ግቢ ለከርሞ የማን እንደሚሆን ሳይታወቅ አንቺ ሞተር ትገጥሚያለሽ?" አለኝ።

"እስካለሁበት ድረስ እሠራበታለሁ" አልኩት።

አብረውህ ማሽኑን የበየዱት ጓደኛህ ኦቦ ደሜ፣ ጫንጮ ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት መብራት ስለገባለት የናፍጣ ሞተሩን ጥግ እንዳስቀመጠው ሰሙ። አብረን ሄድን። ዘይቱን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ፣ አስነስተው ጆሯቸውን ጣል አደረጉና "ጤነኛ ነው" አሉ። ገዝተን አይሱዙ ላይ ጭነን መንገድ ጀመርን።

ሱሉልታ ስንደርስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ወደፊት ጎማ ይነድዳል። ሹፌሩ ፈራ፣ ዕቃችሁን አውርዱልኝና ልመለስ አለ። ወጣቶች ከበቡን። አንዱ ጠጋ ብሎ "ሃርሜ፣ ኤሳ ዴምቱ?" አለኝ፤ እናቴ፣ ወዴት ነው ማለቱ ነው። አንተ ባስተማርከኝ ኦሮምኛ መለስኩለት። ባሌ ሠርቶ የተወልኝ ማሽን እንዳለ፣ ልጆቼን በሱ እንደማሳድግ፣ የማሽኑ ልብ ቆሞ አዲስ ልብ ይዤለት እየሄድኩ እንደሆነ ነገርኩት። ሞተሩን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ጓደኞቹን ጠራ። እነዚያ ድንጋይ የደረደሩ እጆች ሞተሩን አውርደው አንድ ገበሬ ግቢ አስገቡልን። የቤቱ እመቤት ጭድ አለበሰችው። መንገዱ እስኪከፈት እዚያው ሰነበትን። ከሩቅ የሚሰማው ተኩስ ሲቆም ሴትየዋ ቆሎ ታቀርባለች። ስንለያይ እንደ እህትማማች ተላቀስን።

ገጠማውም ቀላል አልሆነልንም። የናፍጣው ሞተር ከባድ ስለሆነ የማሽኑን እግር በወፍራም ብረት አስረዘምነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ብየዳው ይቆማል። ዙሩም ከቤንዚኑ ይልቅ ዝግ ያለ ነው፤ ዘይት የሚገፋው ፓምፕ እንዳይሰንፍ ሞተሩ ላይ ትልቅ ፑሊ አስረን በቺንጋ አገናኘናቸው። አስነሳነው። ሞተሩ ያጓራል፣ ስለቱን የሚነዳው ሲሊንደር ግን ንቅንቅ አይልም። ኦቦ ደሜ "በቃ፣ ፓምፑ ሞቷል" ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ግን ፓምፑ ላይ በቀለም የሣልካት ቀስት ትዝ አለችኝ። ቅባቱን ስጠርገው ቀስቷ ወደ ቀኝ ታመለክታለች፤ ፓምፑ የሚዞረው ወደ ግራ ነው።

"ኦቦ ደሜ፣ ወደ ኋላ እያዞርነው እኮ ነው" አልኳቸው።

መጥተው አዩ። ረጅም ሳቅ ሳቁና "ጉተማ ዛሬም ከኛ ጋር እየሠራ ነው" አሉ። ሞተሩን ፈተን፣ ፊቱን አዙረን በወዲያኛው ጎን አሰርነው።

ለሙከራ ከአጥሩ ሥር ትልቁን ግንድ መረጥኩ። ሰፈርተኛው ተሰብስቧል፤ ቶሎሳም ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። እጀታውን ገፍቼ ዘይቱን ለቀቅኩት። ሞተሩ ድምፁን አወፈረ፣ አልታፈነም። ስለቱ ግንዱ ውስጥ ገባ፣ አንጓው ጋ ሲደርስ ቆም ያለ መሰለኝ። ከዚያ ግንዱ ጧ ብሎ ለሁለት ተከፈለ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ግቢውን ሞላው። ቶሎሳ እጅጌውን ሰብስቦ ሁለተኛውን ግንድ እያንከባለለ አመጣልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አብሮኝ ይሠራል።

ብዙ ሳይቆይ መብራትም መንገድም አንድ ላይ የተዘጉበት ሰሞን መጣ። ከታች ያለው ዳቦ ቤት የድሮ የእንጨት ምድጃውን አነደደ፤ ፍልጡን ያቀረብንለት እኛ ነን። ከከተማ ምንም ሳይገባ ሰፈሩ ትኩስ ዳቦ በላ። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ኮርቼ አላውቅም። በኋላ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ጊዜው ግን ገና አልረጋም፤ ልጆቻቸውን የቀበሩ ጎረቤቶች አሉን። ለቅሶ ቤት ፍልጥ የምናደርሰው በነጻ ነው፤ አንተም ብትኖር እንደዚያ ታደርግ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ኦቦ ደሜ ሲገጥሙ እጀታውን ወደ ቀኝ ላዙርልሽ ወይ ብለውኝ ነበር። ግራኝ ስለነበርክ ለራስህ በሚመች በኩል ነው ያደረግከው። አይነካ አልኳቸው። መጀመሪያ ግራ እጄ እየዛለ፣ እየተሳሳተ አስቸግሮኝ ነበር፤ አሁን ለምዷል። አንተን ለማሰብ ተዝካርህን አልጠብቅም፣ መቃብርህ ድረስም መምጣት አያስፈልገኝም። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ እጄን እጅህ በነበረበት ቦታ አሳርፋለሁ። አቅም እስካለኝ ድረስ ከዚያ አላነሳውም።

ያንተው አስካለ