በሳምንት ሁለት ቀን በሥራ ቦታ፦ የመምህር መዝገቡ ሀብተማርያም የሕይወት ታሪክ (1932–1978 ዓ.ም.)

መምህር መዝገቡ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሀብተማርያም ውቤና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለፈች ደሳለኝ በ1932 ዓ.ም. በአንበሳሜ አካባቢ ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ዘውዱ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ እንባ አልመጣልኝም። እጄ ይጽፋል፤ ሌላው ሰውነቴ ደንዝዟል።

ፊደልና ዳዊት የተማሩት ከአባታችን ጉባኤ ነው። በዚያ ጉባኤ ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ከጎኑ አስቀምጦ ያስጠናል። ኋላም በደብረ ታቦር ዘመናዊ ትምህርት ተምረው፣ በ1959 ዓ.ም. ከባሕር ዳር በመካኒክነት በዲፕሎማ ተመረቁ።

በመንገድ ሥራ ጋራዥ በተቀጠሩ በመጀመሪያው ቀን የግሬደር ሞተር እንዲፈቱ ታዘዙ፤ ከየት እንደሚጀምሩ ግን አላወቁም። ፊደል ያልቆጠሩት የጋራዡ አለቃ አቶ ፈንታሁን ከጎናቸው ቆመው አሳዩአቸው። ወንድሜ ይህን ለተማሪዎቻቸው ሁሉ ሳያፍሩ ይናገሩ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ወይዘሮ ብዙነሽ ይርጋን በተክሊል አግብተው ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ1968 ዓ.ም. ወደ ደብረ ታቦር ተመልሰው የቴክኒክ መምህር ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተማሪዎቻቸው ሦስት ቀን በክፍል፣ ሁለት ቀን በጋራዥ፣ በወፍጮ ቤትና በውኃ ፓምፕ የሚማሩበትን ፕሮግራም አወጡ። ከፍ ያለው ጀማሪውን ያስጠናል፤ ማርክ የሚሰጠው የሥራ ቦታው ባለሙያ ነው። ያን ጊዜ ወደ ደብረ ታቦር ጋራዥ ተዛውረው የነበሩት አቶ ፈንታሁን በማርክ ወረቀቱ ላይ በአውራ ጣታቸው ይፈርሙ ነበር። አባታችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሏቸው፣ «አባየ፣ የኛው ትምህርት እየጠመጠሙ ነው» እያሉ ያስቁን ነበር።

በታኅሣሥ 1976 ዓ.ም. ተማሪ ውብአለም አያሌው ሞተሩ ሳይጠፋ የወፍጮውን ማዞሪያ ቺንጋ ልታስተካክል ስትል ሁለት ጣቶቿን አጣች። ከጎኗ መቆም የነበረበት ከፍ ያለ ተማሪ ለስብሰባ ተጠርቶ ሄዶ ነበር። ወንድሜም ይህን እያወቁ የዕለቱን ሥራ አላስቆሙም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። በሳምንቱ በአገር ደንብ ድንጋይ ተሸክመው፣ ከሽማግሌዎች ጋር ከልጅቱ አባት ደጅ ወደቁ። አቶ አያሌው ድንጋዩን አወረዱላቸውና፣ «ይቅር ለእግዜር ብያለሁ። ግና ልጄ ጣቷን አጥታ፣ ትምህርቱንም ልትዘጉባት ነው እንዴ? እንዲያስ አይሆንም!» አሉ።

ፕሮግራሙ ግን በጥር ወር ተዘጋ። እንዲዘጋ ከፈረሙት ሦስት ሰዎች አንዱ፣ በአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምሠራው እኔ ነኝ። ተጠያቂ ትሆናለህ ስባል ፈርቼ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ፕሮግራሙ እንዲከፈት ማመልከቻ ሲያመላልሱ፣ ወረቀቱን የምቀበላቸው እኔው ነበርኩ። አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። «ዘውዱ፣ እንዴት አደርክ?» ይሉና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ከሰኔ ወር ጀምሮ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻው ቀን «ልጆቹ ወደ ሥራ ቦታው መቼ ይመለሳሉ?» ብለው ጠየቁኝ። በመስከረም አልኳቸው። «እሰይ» አሉ። ነሐሴ 14 ቀን 1978 ዓ.ም. በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

መምህር መዝገቡ ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውን፣ እናታችንንና በየጋራዡ የሚሠሩ በርካታ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

በመስከረም ያልኩት ውሸት ነበር። የተፈቀደ ነገር የለም። ብዙነሽም ልጆቹም ይህን የሚሰሙት አሁን፣ ከእናንተ ጋር ነው። እኔ ፊርማዬን ማንሳቴን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተናግሬአለሁ። ሌሎቹ ሁለት ፈራሚዎችም እዚሁ መካከላችን ቆመዋል። የሰውን ድካም የማይረሳ አምላክ የወንድሜን ነፍስ በቅዱሳኑ ማኅበር ያሳርፍልን፤ ለእኛ ለሦስታችን ደግሞ ልብ ይስጠን። አሜን።