በስምሽ የቆመው መስቀል

ውድ ኤውላሊ፣

ፖስታው ላይ «ለክብርት እመቤት» ብዬ የጻፍኩት ባልሽ ቢያገኘው ሥራ የምትለምን ልብስ ሰፊ መስዬው እንዲያልፈው ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

እማማ ሐሙስ ዕለት አረፈች።

ከዓመታት በፊት የነበረውን ያን እሑድ መቼም አትረሺውም። ከነጭ ባልሽ ጋር በእንፋሎት ጀልባ መጥተሽ ወንዙ ዳር ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ገባሽ። ከነጮቹ ጋር ፊት ተቀመጥሽ፤ እኛ ጥቁሮቹ እንደ ወትሯችን ከኋላ። ኒው ኦርሊንስ ልብስ ልትሰፊ ሄደሽ፣ በቆዳሽ ቅላት ነጭ ተብለሽ በዚያው መቅረትሽን የምናውቀው እማማና እኔ ብቻ ነበርን። ናፍቆት እንዳመጣሽ ይገባኛል፤ ግን ተናድጄብሽ ነበር፣ ዛሬም አልወጣልኝም።

ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ የአክስት ዙሊን አፍ መቼ ያርፋል! «እናንተ፣ ያቺ ባለ ባርኔጣ እመቤት የኤውላሊን አፍንጫ ሰርቃ ነው እንዴ የመጣችው?» አለች ጮክ ብላ። ሴቶቹ ሳቁ። ባልሽ ዞር አለ።

እማማ ግን አልሳቀችም። «ተይ ዙሊን፣ በሞተ ሰው አይቀለድም። ልጄን ቢጫ ወባ ወስዶብኛል። እስካሁን ያልነገርኳችሁ አቅም አጥቼ ነው።»

ወዲያው ደጁ ለቅሶ ሆነ። አክስት ዙሊን «ምላሴን ይቁረጠው!» እያለች ደረቷን ደቃች። አንቺም ባልሽ ክንድሽን ይዞ በመሀላችን ማለፍ ነበረብሽ። እማማ ፊት ስትደርሺ ቆም አልሽና «አይዞሽ፣ እግዜር ያጽናሽ» አልሻት።

«እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ፣ እርስዎንም የልጅ ክፉ አያሳይዎ» አለችሽ።

ለሞተ ሰው መስቀል ያስፈልጋልና አናጢው ጋሽ ኦዜም ስምሽን ጽፎ ከአባባ መቃብር አጠገብ አቆመልሽ። በየዓመቱ ለቅዱሳን ሁሉ በዓል አገሩ በሙሉ መቃብሩን ኖራ ሲቀባ እማማም ያንቺን ትቀባ ነበር። ከሥሩ ማንም የለም፤ ግን ከአባባ ይልቅ ያንቺ ነበር የሚነጣው። «ሰው እንዳይጠረጥር ነው» ትለኛለች፣ እጇ እንጨቱን እየደባበሰ።

ስታጣጥር «ኤውላሊ» እያለች በሩን በሩን ታይ ነበር። ጎረቤቶቹ ከወዲያኛው ዓለም የጠራሻት መስሏቸው አማተቡ። ትመጫለሽ ብላ እየጠበቀችሽ እንደነበር እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። እኔም አብሬያቸው አማተብኩ።

ከመስቀልሽ ሥር ቀበርናት። ጋሽ ኦዜም ስሟን ከስምሽ በታች ጻፈው። አክስት ዙሊን አቅፋኝ፣ «በቃ አታልቅሺ ልጄ፣ አሁንማ ከኤውላሊዋ ጋር ተገናኝታለች» አለችኝ።

«አዎ፣ ተገናኝታለች» አልኳት።

ኤውላሊ፣ አትምጪ። መጥተሽ እዚያ መስቀል ላይ ብታለቅሺ እማማ የደከመችበት ሁሉ ገደል ይገባል። ዘንድሮ ኖራውን እኔ እቀባዋለሁ፤ ስማችሁን እንዳይሸፍነው እጠነቀቃለሁ።

በጣም ናፍቀሽኛል። አትምጪ።

እህትሽ ፊሎሜን