የጋሽ ደገፉ እርሾ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የደሴ ብርድ ወገብዎን ለቀቅ አደረገው? እማማስ ስኳሯ ወረደላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም።

ጥቅምት ላይ በስልክ፣ «ያስተማርኩሽ የሰው እጣቢ እንድትጠብቂ ነው?» ብለውኝ ነበር። ዕድርተኛው ስለ እኔ ሲጠይቅዎም «ውሃ ልማት መሥሪያ ቤት ናት» ብለው እንደሚያልፉ እህቴ አገርነሽ ነግራኛለች። አልዋሽዎትም፣ አልቅሻለሁ። ግን የጠሉት ይወርሳል ነውና ሥራው ልጅዎን ወርሷታል።

እዚህ ሶዶ በሙከራ ጣቢያችን የከተማውን ፍሳሽ መጀመሪያ ዝቃጩን እናስቀርለታለን። ቀጥሎ ኦዞን የሚባል ጋዝ እንነፋበታለን፤ እሱ ቀለሙንና የመድኃኒት ቅሪቱን ይሰባብራል። የተሰባበረውን ደግሞ በማጣሪያው ጠጠር ላይ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል። ጠጠሩ ልጋግ የለበሰ ነው፤ ሙያው ያለው ግን እዚያው ልጋግ ውስጥ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ጣቢያው ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ብለው የሚወስኑ እንግዶች ሊመጡ ሆነ። ማጣሪያውን የሚጠብቁት የአረካው ሰው ጋሽ ደገፉ፣ እንግዳ በቆሻሻ ቤት አይቀበሉም ብለው ጠጠሩን በበረኪና አጥበው ጠበቁኝ። ነጭ ሆኖ ያበራል! ተሕዋስያኑ ግን አልቀዋል። ጮኽኩባቸው፤ የእርስዎ ልጅ አይደለሁ? ነገሩን ሳስረዳቸው ራሳቸውን ይዘው፣ «እኛ ቆጮ ስናስቀምጥ ከድሮው እርሾ እንጨምራለን። ይሄም እርሾ አለው እንዴ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ሙከራ የተረፈችው በርሜል ትዝ አለችኝ። ጓሮ ሆና ፍሳሹ አሁንም ያልፍባት ስለነበር፣ በጠጠሯ ላይ ያሉት ተሕዋስያን አልሞቱም። ጋሽ ደገፉ ጠጠሯን በእጃቸው እያፈሱ ከታጠበው ጋር ቀላቀሉት። ለእንግዶቹም ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ የሁለት ወር ጊዜ ለመንኩ፤ ለሰውዬው ቀድሜ ያላስረዳሁ እኔው ነኛ።

ባለፈው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ውሃው በብርጭቆ ሲቀዳ ከጀርባው ጋዜጣ ያስነብባል፤ ላቦራቶሪውም መሰከረለት። ከመምጣታቸው በፊት የጨመርንበት ዓሣም ይኸው አሥራ አንድ ቀን እየዋኘ ነው። ይቀጥል ተባለ! ማን አዳነው ሲሉኝ ጋሽ ደገፉን ከፊት አቆምኳቸው። አባባ፣ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

የእማማን ጉልበት ይሳሙልኝ። አገርነሽን ወሬ ስላቀበለችኝ ያመስግኑልኝ፤ ወንድሜ ያሬድም በትምህርቱ ይበርታ። ዕድርተኞችዎን ሰላም ይበሉልኝ፤ ልጅዎ ምን ትሠራለች ካሉ ግን ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ እጣቢ ታጣራለች ይበሏቸው።

ልጅዎ ማኅሌት
ወላይታ ሶዶ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.