እትዬ ሸዋዬ የለቀለቁት ግድግዳ

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ሸፈኑት! ሐረጉን ሸፈኑት!

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አስፈቅጄ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ እስከ መገንጠያው በሚኒባስ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ ኳትኜ የደረስኩት ለዚህ ነው። አክስቴ እትዬ ሸዋዬ የጎረቤት ሴቶችን ሰብስበው የቅድመ አያቶቻችንን ቤት ምድሩንም ፎቁንም በእበት ለቅልቀውታል። ቅድመ አያቴ በበሩ ዙሪያ በቀይ አፈር የሣለችው ሐረግ ከእበቱ ሥር ቀረ። ቤቱ በቅርስነት እንዲመዘገብ ባስገባሁት ማመልከቻ ላይ ፎቶውን ያያያዝኩት የእሱን ነበር። የቅርስ ባለሙያው ከነገ ወዲያ ከደብረ ብርሃን ይመጣሉ።

"ምነው እትዬ፣ ምን አደረግሁዎት?"

"እንግዳ ይመጣል አላልሽም እንዴ? ባልተለቀለቀ ቤት እንግዳ ልቀበል?"

ጮህኩባቸው። በሴቶቹ ፊት፣ እናቴን ባሳደጉ ሴትዮ ላይ። አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል። እሳቸው ግን እጃቸውን ታጥበው፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ "ነይ እህል ቅመሽ" አሉኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

የባሰ አታምጣ ማለት ይኼኔ ነው። በጠዋት ተነስቼ እበቱን በእርጥብ ጨርቅ ላነሳ ሞከርኩ። ከእበቱ ጋር ምርጊቱ ተገምሶ ወደቀ። መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ፣ ልክ ከበሩ በስተቀኝ! ሐረጉ ግን የለም።

ካልተመዘገበ ቤቱ አለቀለት። ወንድሜ ደረጀ ከፋሲካ በኋላ ሊያፈርሰው ነው። ክፋት የለበትም፤ የሣር ክዳኑ ስለሚያፈስ ለእትዬ ባለ ቆርቆሮ ቤት ሊሠራላቸው ነው የጓጓው። የጓሮውን ጥድም ለዚያው ሊቆርጠው ነው። እትዬም "የልጅ ውለታ ነው" ብለው እሺ ብለውታል። ለእኔም እሺ ብለውኛል። ለሁሉም እሺ ነው የሚሉት!

ለባለሙያው የማሳየው የቀረኝ፦ የድንጋይ ደረጃው። ምሰሶዎቹ። ጓሮው፦ ሰባት ጥድ፣ ሁለት ኮሶ፣ አሪቲ፣ ጤና አዳም፣ አንድ አበባ ብቻ ያወጣ ጽጌረዳ።

ጓሮውን ማንም እንዳይነካ ብዬ አስጠነቀቅኳቸው። "ላጭደው ማጭድ እየሳልኩ ነበር" አሉኝ። እግዜር ነው ያተረፈኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ባለሙያው መጡ። ከሰላምታ ቀጥሎ ያዩት ያንኑ ቀዳዳ ነው። በስልካቸው መብራት ጠርዙን እያዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረበውን ልቅልቅ መቁጠር ጀመሩ። ከአሥራ አንድ በኋላ ተደባለቀባቸው። "ቤቱን ይህን ሁሉ ክረምት ያሻገረው ይኼ ነው" አሉ።

ስለ ሐረጉ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር እትዬ ሳቁ።

"ሐረጉ? እሱንማ እኔ ነኝ የምሥለው። ቤቱ በተለቀለቀ ቁጥር ይሣላል። ድሮ አያቴ፣ ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ እኔ። አሁንም ግድግዳው እስኪደርቅ ነው የጠበቅነው።"

እኔ ማመልከቻው ላይ "ጥንታዊ ሥዕል፣ ሳይነካ የቆየ" ብዬ ጽፌያለሁ! ፎቶው የእትዬ የካቻምና ሥራ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ?"

ነገሩ በሳቅ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ባለሙያው ቅጹን አውጥተው፣ ቤቱ ከተመዘገበ ወዲያ ግድግዳውን ያለ ፈቃድ መንካት እንደማይቻል አስረዱ። የእትዬ ፊት ተለወጠ።

"ቤቴን ለመለቅለቅ ደብረ ብርሃን ፈቃድ ልጠይቅ? እንግዲያ አይመዝገብ።"

ሳይፈርሙ ወደ ጓሮ ወጡ። ባለሙያው ቅጹን ለእኔ ትተው ሄዱ፤ እስከ እሑድ መሐል ሜዳ ናቸው።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ዛሬ ማርያም ናት፤ እትዬ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ደረጀ ደወለ። "ጥዱን የሚያይ አናጢ ልላክ ወይስ አልላክ?" አለ። "ቆይ" አልኩት። ምን እስኪሆን እንደሚቆይ አላወቅሁም። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ጓሮውን አሥር ጊዜ ዞርኩ።

እትዬ ሲመለሱ አሪቲው አጠገብ አገኙኝ። ቀጠፍ አድርገው እያሸተቱ፣ "ይህን እናቴ ተከለችው" አሉ። "በውርጭ ሞተ። እኔ ደግሞ ተከልኩት።"

"ታዲያ የእርስዎ ነዋ?"

"ምን ማለትሽ ነው? የእናቴ አሪቲ ነው!" ተቆጡ።

ገብቶኛል መሰለኝ። ቅጹን አወጣሁና "ተጨማሪ ማብራሪያ" በሚለው ባዶ ቦታ እንዲህ ጻፍኩ፦ የዚህ ቤት ግድግዳ በእበት እየተለቀለቀ፣ ሐረጉ እንደገና እየተሣለ የኖረ ነው። ይኸው ልማድ አብሮ ይመዝገብ፤ ልቅልቁም አይከልከል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ለባለሙያው ደወልኩ። "መልካም ነው፣ ግን ሥራውን ማን እንደሚሠራው በስም ይጻፍ። ይጽደቅ አይጽደቅ ቃል አልገባም" አሉኝ።

ቅጹ ላይ የእትዬን ስም ጽፌ ለራሳቸው አነበብኩላቸው። ድገሚው አሉ፤ ደገምኩት።

"የእኔን ብቻ? እኔ እኮ የሠርክ ጀምበር ነኝ። ሰው ጨምሪበት።"

"ማንን?"

ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። እኔን በልጅነቴ ያስተማሩኝ ፊደል እንጂ ጭቃ ማቡካት አልነበረም፤ ልንገራቸው ብዬ ተውኩት። ስሜን ጻፍኩ። ፈራሁ። እትዬ በፊርማ ፈንታ አውራ ጣታቸውን ቅጹ ላይ አሳረፉ።

"በይ ቀሚስሽን ሰብስቢ። ያበላሸሽውን ድፈኚ።"

አራት ጊዜ አስፈረሱኝ። ጭዱ አነሰ፣ ውኃው በዛ፣ መዳፍሽን እንዲህ አይደለም። አምስተኛው የያዘ ይመስላል። ቅጹን ነገ ለባለሙያው አደርሳለሁ፤ ለደረጀ ገና አልደወልኩም።