ሽምብራው ለኦክስጅን ነው

ሸጋው፣

አሽቀሎን አክስቴ ጋ ልሄድ ነው፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። ወጡ ተሸፍኗል፤ ነገ እንዳለ ብሉት፣ ምድጃ እንዳትለኩስ።

ልጆቹ ነገ ቅዳሜ ለኬሚስትሪው ባግሩት፣ ለማትሪኩ፣ ሊያጠኑ ይምጡ። ፈተናው እሑድ ነው፤ ነገ ሰንበት ነው ብዬ ልከለክላቸው አይገባም። በሰንበት መጻፉ ግን አሁንም አይዋጥልኝም። ትሪው ላይ ጥራጥሬ አስቀምጫለሁ። ሽምብራው ኦክስጅን፣ ምስሩ ሃይድሮጅን፣ ባቄላው ካርቦን ይሁን። እኩልታውን በእሱ እየደረደራችሁ ብታመጣጥኑት እርሳስ አያስፈልግም። ትናንት ብቻዬን ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።

ባለፈው ሰንበት አንተ በእኔ ላይ እያሾፍክ «ቄሱ ጎንደር የቀሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አብረውን ነው የሚኖሩት» ስትል ሁሉም ሳቀ።
ይሁን።
ደጊቱ ግን አልሳቀችም። እርሳሷን ከእጇ ስቀማት ደብተሯን ሰብስባ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት አልመጣችም። ማመጣጠኑ ገና አልገባትም። እንዲህ እንዳለች ከተፈተነች ትወድቃለች።

ላናግራት በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እናቷ ፊት ምን እላለሁ?

ይህን እንዳነበብክ ሳትቀመጥ ቤቷ ሂድ። ስለ እኔ ሌላ ምንም አትበላት። ነገ እቤት እንደሌለሁ ብቻ ንገራት።

ስመኘው