የማታሞቅ ፀሐይ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለጋሼ ዮንግፋን፣ ባሕር ላይ ላለኸው፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የሚያምህ ትከሻህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ገመድ ስትስብ ይወጋሃል? ምግቡስ ይስማማሃል? አንተ ባለህበት በኩል ብርዱ እየገባ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እባክህ ደረትህን ሸፍን። እኔ ደህና ነኝ። ሩዪ ልጅህ ደህና ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ሁለቱም ወልቀው ስትስቅ አሮጊት መስላልሃለች። እትዬ ሊፌንም በአካል ደህና ናት። በአካል ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ስለ እሷ፣ ስለ ሚስትህ፣ እና ስለ እናታችን ነው፤ ይበልጡን ግን ስለ ራሴ ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የታችኛው ሰፈር መካኒክ ሽማግሌው ዡ ነው፤ የያዛችሁትን ዓሣ ሊጭን ወደ እናንተ በሚመጣው መርከብ ላይ ይሠራል። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅህ ሲመጣ ሲሄድ፣ ከኋላህ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሲያጉረመርም፣ ነገሩ አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ሰበብ ነው። ፈርቼ ነው እንጂ አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

እናታችን የሞተችው ሊፌን ጥላት ስለወጣች አይደለም፤ በእኔ ጥፋት ነው። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ያን ሰሞን በሽታው ገብቶ መንገዱ ሁሉ ሲዘጋ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሕሙማኑን ክፍል የማጸዳው እኔ ነበርኩ። በሽተኛ ከክፍሉ ሲወጣ አልጋውን፣ የበሩን እጀታ፣ ጠረጴዛውን እወለውልና አልትራቫዮሌት የሚሉትን መብራት በጋሪ እየገፋሁ አስገባለሁ። አብርቼው በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። ቫይረሱን ይገድላል፤ ግን የሚገድለው ብርሃኑ ያረፈበትን ብቻ ነው። የአልጋው ሥር፣ የወንበሩ ጀርባ እንዳለ ይቀራል፤ ስለዚህ ጋሪውን ከወዲያ ወዲህ እያዞሩ ደግሞ ማብራት ነው። ሰው እንዲያየው ፈጽሞ አይፈቀድም። በሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ እኔ ራሴ ነኝ የለጠፍኩት።

ከሥራ ስመለስ እናታችንን አስይዛታለሁ ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ካፖርቴን ከደጅ ባወልቅ፣ እጄን እስኪቆስል ብታጠብ አላርፍ አልኩ። መጋዘን ውስጥ አሮጌ ተብሎ የተጣለ አንድ መብራት ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱን የሚያጠፋው ነገር ተበላሽቶበታል እንጂ ይበራል። ለማንም ሳልናገር በጆንያ ጠቅልዬ ቤት አመጣሁት። ፎቅ ላይ ባለችው ዕቃ ቤት አቆምኩትና ልብሴን፣ ቦርሳዬን፣ ሊፌን ከሰፈሩ በር የምትቀበለውን የአትክልት ከረጢት ሳይቀር በቀርከሃው እንጨት ላይ እየሰቀልኩ አበራበት ጀመር።

እናታችን ይህን አይታ ምንድነው ብላ ጠየቀችኝ። አሁን ጥርሴን ነክሼ የምጽፍልህ እዚህ ላይ ነው። ድካም ላይ ነበርኩ፤ ማስረዳቱ ታከተኝና «እንደ ፀሐይ በይው፣ እማ። በበጋ ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ስናሰጣ የሚሞተው ነገር ሁሉ በዚህ በግማሽ ሰዓት ይሞታል» አልኳት። ሳቀችብኝ። «ደግሞ ፀሐይንም ቤት ማስገባት ጀመራችሁ? ኪራይ ትከፍል እንደሆነ ጠይቂያት» አለችኝ።

እናታችንን ታውቃታለህ። በጋው በጣም በሚያቃጥልባቸው ቀናት ግቢው ውስጥ በርጩማዋን አውጥታ፣ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣ ላብ እስኪያጠምቃት ትቀመጥ ነበር። የክረምቱ ብርድ ከአጥንቴ የሚወጣው እንዲህ ነው ትላለች፤ እናቷም እንደዚያው ታደርግ ነበር። ያን ዓመት ግን ክረምቱ ዝናብ በዝናብ ሆነ፤ ጉልበቷ አላስኬድ አላት። ቀኑ ብልጭ ሲልም ግቢ መቀመጥ ተከለከለ። በመስኮት ታይና «ፀሐይቱንም አሰሯት» እያለች ታማርር ነበር።

አንድ ቀን ከአዳር ሥራ ረፋድ ላይ ገብቼ መብራቱን ካፖርቴ ላይ አበራሁ። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ አጠፋዋለሁ ብዬ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ከተኛሁ ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ነው። ሮጬ ዕቃ ቤቱን ስከፍት እናታችን በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ጥጥ የተሞላ ኮቷንና ሸሚዟን አውልቃ፣ ጀርባዋን አሙቃ ስትጨርስ ፊቷን ወደ መብራቱ አዙራ፣ ይሠራ አይሠራ እንደሆነ ለማየት አፍጥጣ ትመለከተዋለች። «ዳንሺያ፣ ይቺ ፀሐይሽ አታሞቅም። አታለውሻል» አለችኝ።

አጠፋሁት። የሚመጣውን አውቅ ነበር ወንድሜ። ሕመሙ ወዲያው እንደማይጀምር፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ዓይን አሸዋ እንደገባበት እንደሚሆን፣ ቆዳ እንደሚቃጠል ተምሬዋለሁ። ዓይኗን አጠብኩላት፤ ጀርባዋን ቅባት ቀባኋት። ለሊፌን እንዳትነግሪ አልኳት። እሷም ደስ አላት፤ አብረን ምስጢር ስንይዝ ይጥማት የለ። ሊፌን ብትሰማ መብራቱን ከቤት አውጪ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ፤ አለቆቼ ከሰሙ ደግሞ ዕቃ አወጣሽ ብለው ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ያንኑ ቀን ሲመሽ ምንም ሳልናገር ሥራ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሊፌን የሩዝ አጥሚት ይዛላት ስትገባ እናታችን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «እንቅልፌን አልጠገብኩም፣ ተይኝ» አለቻት። ዓይኗ አብጦ አልገለጥ ብሎ ነበር፤ ለእኔ ስትል ደበቀች። ሊፌንም አትክልት ልትቀበል ወደ ሰፈሩ በር ወረደች፤ ተራዋ ነበር፣ ሌላ የሚወርድ ሰው አልነበረም። እናታችን ሽንት ቤት ልትሄድ ተነስታ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች። ደረጃው ላይ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ፤ ከዚያ ሳንባዋ ታመመና በአሥራ አንደኛው ቀን ጥላን ሄደች። ሁለት ጊዜ መርምረዋት ቫይረሱ አልተገኘባትም። ከዚያስ አድኛታለሁ።

ሊፌን ነገሩን የደረሰችበት ለቀብር ገላዋን ስናጥብ ነው። ጀርባዋ እንደተላጠ ድንች ሆኖ አየችው። ቀና ብላ አየችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ «ዝም በይ» አለችኝ። «ብታወሪ ሥራሽን ታጪያለሽ፤ ባል የለሽ፣ ቤት የለሽ። ወንድምሽ እንደሆነ ባሕር ላይ ነው፤ ቢበዛ አራት ወር ቢቆጣኝ ነው፣ ከዚያ ይበርድለታል።»

እኔም ዝም አልኩ። «እማ ብቻዋን ሳለች ወደቀች» ብዬ የነገርኩህ እኔ ነኝ፤ የቀረውን አንተ ሞላኸው። «አንቺ በር ላይ ወሬ ስትሰልቂ እናቴን ገደልሽ» ብለህ የላክህላትን መልእክት አጠገቧ ቆሜ አንብቤዋለሁ። አራት ወር አይደለም፤ ይኸው ዓመት አለፈ። የምትደውለው በእኔ ስልክ ነው፤ ሩዪን ታናግርና ትዘጋለህ። ሊፌን ሩዪ ስታወራ ሳህን የምታጥብ ትመስላለች፤ ውኃውን ግን አትከፍተውም፣ ድምፅህን እንዳይሸፍንባት።

አሁን ልትሄድ ነው። የመቃብር መጥረጊያው ቀን ደርሷል፤ የእናታችንን መቃብር ጠርጋ፣ ለሙት የሚቃጠለውን ወረቀት አቃጥላ፣ ሩዪን ይዛ እሷ ወደተወለደችበት የአባቷ ደሴት ልትሻገር ልብሷን አስራለች። እባክሽ ልንገረው ብዬ ለመንኳት። «ዓመት ሙሉ ይህን ያመነብኝ ሰው፣ ብትነግሪውስ ምን ይመልስልኛል?» አለችኝ። ልክ ናት። ግን እናቴ የሄደችው በእኔ ነው፣ እሷም በእኔ ልትሄድ አይገባም።

መብራቱን ለሆስፒታሉ መለስኩ፤ እንዴት እንደወሰድኩትም ተናገርኩ። ከሥራ አስወጥተውኛል። እንድትዘንልኝ አይደለም የነገርኩህ። ሊፌን ምስጢር ይዛ የምትጠብቅልኝ ሥራ እንዳልቀረ እንድታውቅ ነው። በእኔ የፈለግኸውን ፍረድ፤ ከመቃብሩ አትድረሺ ካልከኝም አልደርስም። ሊፌንን ግን አትበድላት፤ በእኔ የተነሳ በቂ ተበድላለች።

አብረውህ ላሉት መርከበኞች ሁሉ፣ በተለይ ለወጥ ቤቱ ለሽማግሌው ፋንግ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። አክስታችን ጨው የገባ ሸርጣን በማሰሮ ሞልታ ልካልሃለች፤ ሰላም በልልኝ ብላለች። ሩዪ አባቴን ሳሚልኝ ብላ ወረቀቱ ላይ አፏን አሳርፋለች፤ ከታች ያለው እድፍ የእሷ ነው። ከሊፌን ሰላምታ የለህም፤ መጻፌንም አታውቅም። እስካሁን ግን ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከእኔ ቀድማ ብድግ የምትለው እሷ ናት።

ታናሽ እህትህ ዌንግ ዳንሺያ
ዡሻን፣ ማርች 14 ቀን 2021